አቧራ፣ ከጥያቄ ምልክት ጋር

መሳቢያ ሰባ አራት፣ ከታች ሁለተኛው፣
እጀታው የላላ፣ ሲስቡት የሚያንኳኳው፣
እዚያ ነው ያገኘሁት፤
በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለ፣ መዳፍ የሚያክል መስታወት።

ሥራዬ ይኸው ነው፦ ያረጀ ሰማይን በጥጥ እየጠረጉ ማራገፍ፣
በማሽን አስነብቦ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ ወደ ሣጥን ማሳለፍ።
በጥቁር ላይ ነጭ ሳይሆን፣ በነጭ ላይ ጥቁር ነው ኮከብ በዚያ ዘመን፤
ሌሊቱ እንደ ወተት፣ ብርሃኑ እንደ ቁንጫ፤ ገልብጠውት ሁሉን።

አንዲት ጋላክሲ አለች፣ ከመሃል ወደ ግራ፣
እንደ ቀንድ አውጣ ቤት ተጠምጥማ፤
ከክንዷ ጫፍ ላይ አንዲት ነጥብ።
ዙሪያዋን በቀጭን ቀለም ተከብባለች፤
ከጎኗ አንድ ቃል ተሸክማለች፦
«አቧራ?»

ጽሕፈቱን አውቀዋለሁ። የኦርቴንሲያ ባሪጋ ነው፤
ጅራቱ እንደ ፈሪ ድመት የተቆለመመው።

ኦርቴንሲያ ባሪጋ፣ የወይን ለቃሚ ልጅ ከኤልኪ ሸለቆ፣
ላ ሶርዳ ላይ ወጣች፣ ሻንጣዋ ከሲሚንቶ ጋር ጭነት መኪና ላይ ተጨንቆ።
(«ደንቆሮይቱ» ማለት ነው፤ የተራራው ስም ይህ ነው፤
ነፋስ ቢያጓራበት፣ አህያ ቢያናፋበት፣ መልስ የማያውቀው።)
ሠላሳ ስምንት ዓመት። አባቷ ወይን በዘለላ፣ እሷ ጋላክሲ በዘለላ፤
ለቃሚ ናቸው ሁለቱም፤ የሷ ግን አይበላ።

መንደርተኛው «ኮከብ ቆጣሪ» ነበር የሚላት፤
ዓርብ ስትወርድ ከዳቦ ቤት በር ይዘው ይጠይቋት፦
«ዘንድሮ ዝናብ አለ? ልጄስ ባል ታገኛለች?»
«መቁጠሩን እቆጥራለሁ፤ ወሬ ግን አያወጡም» ትላለች።

ጉልላቱን የሚከፍትላት ዶን ኤልዮዶሮ ነበረ፤
ሃያ ዓመት መዳብ ቆፍሮ፣ መዳቡ ለሌላ ሆኖ፣ ዱቄቱ ከሳንባው የቀረ።
እሷ ደቂቃ ስትቆጥር፣ እሱ ጨለማው ውስጥ ያስላል፤
በሳሉ ነው የምታውቀው፣ ቆሞ እንደሆን ከመሰላል።
«አንቺ ላዩን ቆፍሪ፤ እኔ ታቹን ቆፍሬዋለሁ፤
አቧራ ነው ያለው ዶክተር። ከወዲሁ ልንገርሽ፣ እኔ አውቃለሁ።»

መዝገቡን ገለጥኩ። ሰባ ዘጠኝ፣ ሐምሌ፣ ማክሰኞ ሌሊት፦
«ብርድ። አንድ መስታወት፣ ሃምሳ ደቂቃ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከባሕሩ ጉም ወጣ።
ዶን ኤልዮዶሮ ደም ተፋ። ጉልላቱ ተዘጋ። ሆስፒታል።»
ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ባዶ መስመር።

በአምስተኛው ቀን ሌላ ሰው፣ ሌላ አህጉር ላይ፣
ያችኑ ነጥብ አየ፤ የፈነዳ ኮከብ ነበር፤
ቴሌግራሙ በየአገሩ ተበተነ፣ ስሙም በአደባባይ።
እሷ በዚያ ሰዓት ኮሪደር ላይ፣ እግሩ በተሰበረ ወንበር፣
የአንድ ሽማግሌ ሳል እስኪያቆም ድረስ ሳል ትቆጥር ነበር።

እሑድ ወደ ሸለቆው ወረድኩ። ደጇ ላይ ለዶሮ ጥሬ ትበትናለች።
ስልኬን አሳየኋት። መነጽሯን ገፋ አድርጋ ብዙ ዝም አለች።
ነገርኳት፦ ማሽኑ ዛሬ በአንድ ሌሊት መቶ ፍንዳታ ይለቅማል፤
ይህችን ግን እናስመዝግባት፤ አራት ሌሊት ቀድመሻል፣ ስምሽ ይገባል።
«ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት የተጓዘች ብርሃን» አለች፣
«በአራት ሌሊት ማን ይከሳታል?»

«ታዲያ አቧራ ለምን አልሽው?»
አንዷ ዶሮ ጫማዬን ጠቀመች።
«ከቀብሩ ስመለስ ቴሌግራሙ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።
መስታወቱን አወጣሁ፤ ነጥቧም አለች።
ቃሉ የኔ አይደለም፤ ኤልዮዶሮ ያለውን ነው የጻፍኩት።
የኔ ምልክቱ ብቻ ነው።»

ማታ ላ ሶርዳ ላይ ተመልሼ ሠንጠረዡን ከፈትኩ፤
«ተመልካች» ከሚለው ፊት ለፊት እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦
ኦ. ባሪጋ፣ ኤ. ጋዬጊዮስ።
ማሽኑ መለሰው። ከአንድ ስም በላይ አይቀበልም።
እንደገና ጻፍኩ። መለሰው።
ነፋሱ ጉልላቱን ይነቀንቃል፤
ሊነጋ ነው፤ እየሞከርኩ ነው።