ውሃ ልክ

ጋሽ ይርሳው ሐይቅ አንባቢ ነው፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ጣናን በዘንግ የለካው።
ጠዋት አሥራ ሁለት፣ ማታ አሥራ ሁለት፣
ከወደቡ ጥግ፣ ጭቃው ካለበት፣
ሱሪውን ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ አይቶ፣
ከጥቁርና ነጩ እርከን ቁጥሩን ለይቶ፣
በደብተሩ ያሰፍራል።
«ሰው ይቀጥፋል እንጂ ውሃ መቼ ይቀጥፋል?»
ይላል።

እኔ ሥጋ አንባቢ ነኝ፤
ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከጠባቧ ክፍል የምገኝ፤
ሰውየውን ሳላውቅ ቁራጩን የማውቅ፣
በስስ ብርጭቆ ላይ ቀለም አልብሼ የምጠብቅ።

ሚያዝያ ላይ ስድስት ክር መጣልኝ፣ በመርፌ የተመዘዘ፤
አንድ ወረቀትም አብሮ፣ በሐኪም ጽሕፈት የተያዘ፦
«ይርሳው አያልነህ፤ ስድሳ ስምንት ዓመት፤
ፕሮስቴት፤ የሽንት እምቢ ማለት፤ የጀርባ ሕመም፤ ክሳት፤
የፒ.ኤስ.ኤ. ቁጥር፣ አንድ ነጥብ ሁለት።»

አንድ ነጥብ ሁለት።
የጤነኛ ሰው ቁጥር፣ ነፋስ የሌለበት ሐይቅ፣
ማንም አይቶት የማይጨነቅ።

ብርጭቆው ግን ሰማያዊ ነበር፣ ሰማያዊ ብቻ፤
አካል የሌላቸው ህዋሳት፣ ፍሬ ብቻ፤
የቅዳሜ ገበያ ታንኳ መስለው የተጨናነቁ፣
አንዱ በሌላው ጎን ቅርጹን እስኪያጣ የተጣበቁ፤
ሲከፈሉ አድረው፣ ሲሞቱ አርፍደው፣
ደግሞ ሲከፈሉ ያገኘኋቸው።

በሥራ ዘመኔ ይህን ያየሁት ሁለቴ ነው።
ተራው የፕሮስቴት ነቀርሳ ሽማግሌ ነው፤ ቀስ ይላል፣
ሲመጣ ኮቴው ይሰማል፣
በደም ላይ ስሙን ጽፎ ያልፋል።
ይኼኛው አይጽፍም።
ጉበት ደርሶ፣ አጥንት ገብቶ፣ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም።

ሪፖርቱን ጻፍኩ። ሐኪሙ ነገረው። እሱ አላመነም፤
ሐሙስ ዕለት ደብተሩን በብብቱ ይዞ መጣ፤ እኔ ዘንድ ሰው አይመጣም።
«ቁጥሩ ዝቅ ያለ ነው። ዝቅ ያለ ቁጥር ምን ያስፈራል?»
«ጋሼ፣ እምቦጩ ሐይቁን ሲውጠው ዘንግዎ ስንት ይላል?»

ዝም አለ። በመስኮቱ አየ፤
አረንጓዴው ከዳር እስከ የት እንደደረሰ ለየ።

«እሺ፣ ስንት አለኝ?»

ጠብታው ይሠራል አልኩት፣ መጀመሪያ ላይ በጣም ይሠራል፤
እብጠቱ ይሟሽሻል፣ ሰው ይበላል፣ ይተኛል፤
ከዚያ ይመለሳል፤
ሲመለስ መድኃኒቱን ለምዶት ይመለሳል።
መሐል መስመሩ አንድ ዓመት ገደማ፤
ግማሹ ሰው ከዚያ ቀድሞ፣ ግማሹ ከዚያ ወዲያ...

«መሐል መስመር ለእኔ አትንገረኝ፤ ስንቱን አስልቻለሁ።
ሐይቁ በሰኔ ታች ነው፣ በመስከረም ላይ ነው፤
በመሐል ሲያልፍ እንጂ ሲያርፍ መቼ አይቻለሁ?»

ደብተሩን ዘጋ።

«እናቴ ከእኔ በፊት ሦስት ቀብራለች፤
ሞት ይርሳው ብላ ስሜን አወጣች።
ስድሳ ስምንት ዓመት ረሳኝ፤
አሁን ማን ነገረብኝ?»

እኔ ነኝ አላልኩም።
ፊርማዬ ግን ከወረቀቱ ግርጌ ነበር፤ አልደበቅኩትም።

ሰኔ ገባ። ሦስተኛው ጠብታ ላይ ነው፤
አሣ አማረኝ ብሎ በላ አሉ፣ ፊቱም መለስ ያለ ነው።
ጠብታ በዋለበት ቀን ማታውን የማነብለት እኔ ነኝ፤
ጫማዬን በእጄ ይዤ፣ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ሲውጠኝ፣
እምቦጩን በክንዴ ገፍቼ፣
ቁጥሩን በስልኬ መብራት ፈልጌ አግኝቼ
ጻፍኩ።

በነጋታው ደወለ፤
«ሁለት ሣንቲሜትር ተሳስተሃል፤ ሐይቅ በአንድ ሌሊት እንዲህ አይወርድም» አለ፣
ደስ ብሎት።