ሦስተኛው ቁልፍ

ከሌሊቱ ዝናብ ኋላ፣ ጎህ ሲቀድ በሱማትራ፣
ከዘይት መጭመቂያው በር ላይ መኪኖች ይዘዋል ተራ።
የዘንባባ ፍሬ ጭነት፣ ዘለላው እንደ ጃርት ጀርባ፣
ቀይ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ፣ ጤዛው ሳይረግፍ ሲገባ፤
ቲዩርማ በቦት ጫማዋ፣ መንጠቆዋን አጋድማ፣
አንዱን ገልበጥ፣ ሌላውን ነካ፣ የረገፈ ፍሬ ለቅማ፣
«ይሄ በስሏል» ትላለች፤ «ይሄ ገና ነው» ትላለች፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በዓይኗ እየፈረደች።

እኔ የወንድሟ ልጅ ነኝ፤ በባታክ ወግ «ናምቦሩ» የምላት፤
የዩኒቨርሲቲ ክፍያዬን ከደመወዟ ያስቆረጥኳት።
ሁሉም «ዳታ ተማር» አሉኝ፤ ተማርኩ፤ ቆየሁ ደጅ ስጠና፤
በየወሩ አዲስ ሞዴል፣ በየወሩ አዲስ ፈተና።
የጥር ዕውቀቴ በመጋቢት ያረጀ ልብስ ይሆናል፤
ኮዱን ራሱ የሚጽፍ ማሽን «አንተስ ለምን?» ይለኛል።

በመጨረሻ የቀጠረኝ ይኸው የአክስቴ ፋብሪካ፤
ካሜራ ከበሩ ሰቅሎ፣ ዓይኗን በማሽን ሊተካ።

(እንዲህ ብለው አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅሁም።)

አርባ ሺህ ፎቶ አነሣን። እያንዳንዱ ስም ይሻል፤
ሁለት ቁልፍ ብቻ አለ፦ «ገና ነው» እና «በስሏል»።
ማታ ከሩዝ ድስቱ ጎን፣ ላፕቶፔን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ፣
ፎቶ በፎቶ ጠየቅኋት፣ በቅርንፉድ ሲጋራ እንቅልፌን ገፍቼ።
«በስሏል።» ተጫንኩ። «ገና።» ተጫንኩ። «በስሏል።» ደግሜ ተጫንኩ።
ሦስት መቶኛው ላይ ዝም አለች። ቀና ብዬ ጠበቅኩ።

መነጽሯን አውልቃ ጠረገች፤ እንደገና ስክሪኑን አየች፤
«ለነገ» አለች።
«ምን?»
«ለነገ። ዛሬ ቢቆረጥ ስስት ነው፤ ከነገ ወዲያ ብክነት።
ይሄን የቆረጠው ልጅ ቸኩሎ ነው፤ አለዚያም ቸግሮት።»
«ቁልፉ የለም፣ ናምቦሩ፤ ሁለት ብቻ ነው ያለው።»
«ታዲያ ማሽንህ ነዋ፣ ገና ያልበሰለው!»

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ከዚያ ሌሊት ጀምሮ በደብተር ጻፍኩ በጎን፤
አንድ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስድስት «ለነገ»፣ ማንም ያልጠየቀውን።

ሞዴሉ ከመቶ ዘጠና አራት አመጣ። አለቆች አጨበጨቡ፤
ከጃካርታ የመጡት ግራፉን ከየስልካቸው አስገቡ።
ስድስቱ የት ገባ? አላሉም። እኔ ግን ፈልጌ አየሁት፤
አብዛኛው፣ እመኑኝ አብዛኛው፣ ከዚያ ደብተር ያገኘሁት።

በነሐሴ ቲዩርማን ጠሯት፤ ፖስታ ሰጧት፣ ጃንጥላም ጭምር፤
የፋብሪካው ዓርማ ያለበት፣ ሲከፈት አንድ ዘንጉ የሚሰበር።
እኔን አሳደጉኝ። «ሲኒየር» ብለው ካርድ አሳተሙልኝ፤
አጎቶቼ በእርድ ያበሰሉት ዓሣ ግን አልዋጥልህ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት ከሲንጋፖር ሰዎች ጋር የሥራ ቃለ መጠይቅ ነበረኝ፤
«ትክክለኛውን መልስ ለማሽኑ የሰጠው ምንድን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።
«ቲዩርማ ሲምቦሎን» አልኩ።
«ይቅርታ፣ እሱ ምን ዓይነት ሶፍትዌር ነው?»

አሁን ከመንገዱ ዳር፣ ሰባራ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣
አናናስ ትሸጣለች፣ ካርቶን ላይ በሰልፍ አሰናድታ።
የጭነት መኪና ሾፌሮች ዛሬም ፍጥነት ይቀንሳሉ፤
«እንዴት ነው ጭነቴ፣ እማማ?» ብለው በመስኮት ይላሉ፤
በአገጯ ትመልሳለች።

ትናንት ማታ ኮዱን ከፍቼ ሦስተኛ ቁልፍ ጨመርኩ።
ያዘዘኝ የለም። ግራጫ ነው። እስካሁን አልተጫንኩ።
ደብተሩን ካስገባሁለት፣ የቀራትንም ይወስዳል፤
ካላስገባሁ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ይሻግታል።

ሄጄ ጠየቅኋት። አንዱን አናናስ አንሥታ፣
በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ ጆሮዋን ወደሱ ሰጥታ፣
የሆነ ነገር እንደነገራት ሁሉ ጥቂት አደመጠች፤

«ለሦስተኛው ቁልፍ ስንት ይከፍላሉ?» አለች።