የመቼው ወንዝ?

ተህሚና ጃሙናን በቀጭን መስመር ሠርታ፣
ግራ ቀኙን መንደር በነጥብ ሞልታ፣
«ጨረስኩ» አለች፤ ካርታው ጠራ፣ አማረ።
ቀዛፊው ካፊል ግን ጣቱን ከሰማያዊው ላይ አኖረ።

«ይህ የመቼው ወንዝ ነው? የዘንድሮ? የአምና?
በዚህ በኩል ነበር የቤቴ ጎዳና።
ሦስቴ ነቅለን ተከልን፤ ያው አንድ ቤት ነን እኛ፣
በመዝገብሽ ግን ሆንን ሦስት ባዕድ ጎረቤተኛ።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ መስመሩን ሰረዘች፤
ለወንዙ ስፋት፣ ለስፋቱም ቀን ሰጠች፤
ለቤቱ አንድ ቁጥር፣ ቢፈርስም የማይፈርስ፣
የትም ቢተከል ወደ ባለቤቱ የሚመለስ።

«እስከ መቼ» የሚለው ዓምድ ባዶውን ቀረ።
«ዜሮ ልሙላበት?» ረዳቷ ደፈረ።
«ተው፤ ዜሮ ‹የለም› ነው፤ ባዶ ‹ገና አላወቅንም›።»

ካፊል ጀልባውን ሲፈታ
ካስማው ከጧቱ አጥሮ ነበር።