ቀይ ነበር

ፊልሙ በጋ ይላል፤ ወሩ መጋቢት ነው፣
ባሕር ዳር የቆመን ነፋስ የሚልጠው።
ሁለቱ ተዋንያን፣ በዋና ልብሳቸው፣
አሸዋ ላይ ጋደም፤ ሳቅ በሳቅ ናቸው።
ትንፋሽ ጭጋግ ሆኖ ብርዱን እንዳይናገር
በረዶ በሳህን ያዞራል አንድ ወጣት፤
ከመሳሳም በፊት ሁለቱም ይመጥጣሉ፤
ብርድን በብርድ መሸሸግ፣ እሱ ነው ብልሃት።

ሙሪየል ያኔ ገና ዐሥራ ዘጠኝ፣
በእናቷ ፔንሲዮን አልጋ የምታነጥፍ።
«ባለ ቀዩዋ!» አሏት፤ «አዎ፣ አንቺን ነው፣ ነይ፤
ካሜራውን ሳታይ፣ ከኋላቸው እልፍ።»
ክፍያው ዐሥር ሽልንግ፣ ሻይ ከነዳቦው።
ቀሚሷ ከፋይ ነው፤ ያገሩ ሲኒማ
መጋረጃ ሲቀይር፣ አሮጌውን በክንድ
ሲቸረችር ገዝታ፣ በእጇ የሰፋችው።
(ከፋይ ነበር ልብሷ፤ ከፋይዋም እሷ ናት፤
ይህን ያወቀችው ግን ዘግይቶ ነው።)

ኔቪል ይባላል ልጁ፤ ሥራው ብርሃን መያዝ፤
ብርማ ወረቀት የለበሰ ጣውላ አቅፎ
ከደመና ያመለጠች ቅንጣት ፀሐይ
ለኮከቧ ጉንጭ ያቀብላል፣ ከሰማይ ዘርፎ።
በሦስተኛው ቀን፣ ሙሪየል ስታልፍ፣
ጣውላው ያውራ ጣት ያህል ዘመም አለ።
አንድ ሰከንድ።
ኮከቧ ጥላ ውስጥ፤
የመንገደኛዋ ቀሚስ ተቀጣጠለ።
ዳይሬክተሩ ጮኸ። ግን ባሕሩ ሞልቶ
አሸዋውን እየበላ ወደ ወንበሮቹ መጣ፤
«ይሁን፣ ማን ያያታል» ብሎ ኮሌታውን
ወደ ጆሮው ሰብስቦ ሻዩን ጠጣ።

ከዚያ ዘጠኝ ምሽት።
በጋዜጣ የተጠቀለለ ድንች፣ ኮምጣጤው ጣት የሚያቃጥል፤
ዝግ የአይስክሬም ኪዮስክ፣ ከጀርባው ሁለት ሰው፤
በረዶ ያልመጠጠ አፍ፣ ትንፋሹ የሚታይ።
ዐርብ በባቡር ሄደ።
ሁለት ደብዳቤ መጣ። መልሱን ያቋረጠችው
እሷ ነች፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አታውቅ።
ስታንሊን አገባች፣ ጋዝ ቆጣሪ የሚያነብ፤
ደግ ሰው፤ ጫማውን በር ላይ የሚያወልቅ።

አሁን ሰማንያ ሰባት ናት። ማስታወቂያው
«ፊልሙ ታጥቦ፣ ጭረቱ ተነቅሶ» ይላል።
ሌሊቱን አልተኛችም፦
ያቺንስ ብልጭታ ስሕተት ናት ብለው
አጽድተዋት ይሆን?

አዳራሹ ውስጥ ዐሥራ አራት ሰው።
አጠገቧ ወጣት ቺፕስ ያንኮሻኩሻል።
አሸዋው መጣ፣ ሳቁ፣ የውሸቱ በጋ፤
ሙሪየል የወንበሩን ክንድ ጨበጠች፤
አለች።
ግራጫ ልጅ፣ በግራጫ ባሕር ፊት፣
አንዴ ቦግ ብላ አለፈች።

«ቀይ ነበር» አለች፣ ሳታስበው፣ ጮክ ብላ።
ልጁ ቺፕሱን አቆመ፤ «ምን አሉኝ?» «ቀሚሱ።»
መሰነባበቻው ገና ነው፤ ባቡሩ፣ መሀረቡ፤
እሱን ታውቀዋለች።
ጃንጥላዋን ከመቀመጫው ሥር ፈልጋ
«ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለች በጉልበቶች መሀል ወጣች።