አንድ ዲግሪ

ከዜሮ በታች አስር፤ እንዲህ ይላል ሕጉ፤
ከዚያ መለስ ላለ ብርድ በሮቹ ይዘጉ።
ማኅተም ያረፈበት የማዘጋጃ ቤት
ወረቀት ተለጥፏል፣ አዳራሹ በር ፊት፤
ከጎኑ ቴርሞሜትር፣ ቀይ ክር የዋጠ፣
ከሰባት ሰው ምስክር ቃሉ የበለጠ።

እኔ ቁልፍ ያዥ ነኝ። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን
ቀዩን ክር አይቼ፣ መዝገብ ላይ ጽፌ፣
ወይ በሩን ከፍቼ ፍራሽ እዘረጋለሁ፣
ወይ "ደኅና እደሩ" ብዬ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ።
(ደኅና እደሩ! ይህች ቃል ስንቴ አንቃኛለች።)

ያን ማታ፣ ታርቱ ላይ፣ ወንዙ እንደ ሞራ ረግቶ፣
የመጨረሻው አውቶቡስ አልፎ፣ ሱቁ ሁሉ ተዘግቶ፣
ሰባት ሰው ጠበቀኝ ከደረጃው በታች።
ሌይዳ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ካፖርቷ ላይ ደርባለች
የሆቴል መጋረጃ፣ አበባው እንዳለ፣
ቀለበቱ ሳይወልቅ፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንሿሿል።
ራስሙስ፣ ሃያ ያልሞላው፣ በበጋ ሸራ ጫማ
አንዴ ባንዱ እግሩ ይቆማል፣ አንዴ በሌላው።
ካልዩ፣ ሠላሳ ዓመት ፊዚክስ አስተምሮ
ቤቱን ለአረቄ ከፍሎ የጨረሰው።
ሌሎቹን በስም አይደለም፣
በሳላቸው ነው የማውቃቸው።

"ኡርማስ፣ ስንት ይላል?" አለችኝ ሌይዳ።
ባትሪዬን አበራሁ።
ዘጠኝ።
መስታወቱን በጓንቴ ጠርጌ ደግሜ አየሁት።
ዘጠኝ።

"አንድ ዲግሪ ጎደለን" አልኳቸው፣ አፍሬ፣
ዓይኔን ካይናቸው ላይ ወደ ቁልፌ ዞሬ።
ካልዩ ሳቀ፤ ሳቁ ጢሙ ላይ በረዶ ሠራ፦
"ዲግሪ ከጎደለማ ከኔ ላይ ይቆረጥ፣
እኔ ሁለት አለኝ፤ አንዱ ለናንተ ይሰጥ።"

ማንም አልሳቀለት።
በዘጠኝ የሞተን፣ ባስር ከሞተው ሰው
ገናዥ እንኳ አይለየውም፤
ወረቀቱ ግን ይለየዋል።

ከበሩ ጥግ ባልዲ አለ፣ ሰው እንዳይንሸራተት
ደረጃው ላይ የምንበትነው ጨው የሞላበት።
ካልዩ ባልዲውን አየ። ከዚያ እኔን አየ።
ጀርባው ቀና አለ፣ ድምፁም ሌላ ሆነ፣
ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆመ ድምፅ፦
"በረዶና ጨው ሲገናኙ ምን ይሆናል፣ ራስሙስ?"
"ይቀልጣል" አለ ልጁ፣ አንገቱን ደፍቶ።
"ሲቀልጥስ?"
ዝም።
"ሲቀልጥ ሙቀት ይጠጣል። ከየት? ካገኘው!
ከዚህ ውጭ ካለው ብርድ የባሰ ይበርዳል።"

ሌይዳ ከመጋረጃው ስር ኩባያ አወጣች፣
ጎንበስ ብላ በረዶ ዛቀች።
እኔም፣ ደመወዝተኛው፣ የመንግሥት ቁልፍ ያዥ፣
አንድ እፍኝ ጨው ዘገንኩ።

ስምንት ሰው፣ ትንፋሹን ውጦ፣ አንድ ክር ላይ አፈጠጠ።
ዘጠኝ ተኩል።
አስር።
አስራ አንድ።
"አስራ ሦስት!" አልኩኝ፣ ወረቀቱ እንዲሰማኝ፣
ማኅተሙም እንዲሰማኝ።
ቁልፉ ዞረ።

ሌሊቱን እርጥብ ካልሲ በግድግዳው መወጣጫ ላይ ተሰቅሎ ሸተተ።
ሌይዳ ጫማዋን ተንተርሳ ተኛች።
ካልዩ ከቅርጫት ኳሱ መረብ በታች፣
እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ ጣራ ጣራ እያየ አደረ።
ጨውን ለራስህ ስትል ጣፍጥ ይሉታል፣
አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉታል።
ድንጋይ ነህ ተብሎ ከተጣለ ቆየ።
ያን ሌሊት ጣፈጠ፤
ለራሱ ብሎ ግን አይመስለኝም።

ጠዋት ስልክ ጮኸ፣ ከማዘጋጃ ቤት፦
"አየር ማረፊያው ዘጠኝ፣ ያንተ አስራ ሦስት። እንዴት?"
በመስኮቱ አየሁ።
ሰባት የእግር ዱካ፣ ከደረጃው ወርዶ፣
በሰባት አቅጣጫ ተበትኗል።
"እመቤቴ" አልኳት፣ "እንጃ፤
እኛ በር ላይ ብርዱ ይጠናል።"
ቆየች። ብዕር ሲጭር ሰማሁ። ዘጋችው።

ወጥቼ ቴርሞሜትሩን ጠረግኩት።
ጨው ነጭ መስመር ትቶበታል፣
በጥፍር ቢፍቁትም የማይለቅ።
ከዚያ ጎተራ ወርጄ
ባልዲውን ሞላሁት።