ጭረት

አባቴ ምሕርካ፣ ሲቃረብ ዕለቱ፣
በሩን አወረሰኝ፣ ከነሰንሰለቱ።
በሬ የለን ማሳ፣ ርስታችን ገደል፣
ከታች በሽሎ አለ፣ ከማዶ አምባሰል።
«ማንንም አትውደድ፣ ማንንም አትጥላ፤
የዛሬው እስረኛ፣ ንጉሥ ነው በኋላ።»

ከነዚያ መሳፍንት፣ አንዱ ክፍለ ሥሉስ፣
ቅማል የሚለቅም፣ ያብራክ ልጅ የንጉሥ።
በሰባት ዓመቱ፣ በቅሎ ጭኖት መጣ፤
እናቱ ታች ቀረች፣ ልጇ ብቻ ወጣ።
ዝናም ባባራ ቍጥር፣ በባልጩት ስለት፣
አንድ ጭረት ይጭራል፣ ከዋሻው ዓለት።
«ለምን?» ብዬው ነበር፣ ንፍሮ ሳቀብለው፤
«ውጭ የረሱትን፣ እኔ ልቍጠረው።»

ልጄን ዳዊት አስጠናው፣ ያለ አንዳች ክፍያ፤
እኔም ጧት ፈተሽሁ፣ የእግሩን ማሰሪያ።
«ሥጋ ቢጤ ጣል አርግለት» ትላለች ሚስቴ በጎን፣
«ነገ ዘውድ ሲደፋ፣ አጥንቱ እንዲያስታውሰን።»

አንድ ሌሊት በመስከረም፣ ጭቃ የለበሱ፣
ስድስት ፈረሰኞች፣ ከበሩ ደረሱ።
ነጋሪት አልመቱ፣ እንቢልታ አልነፉ፤
«ንጉሥ ሞቷል» ብለው፣ በጆሮዬ ተፉ።
ቈላ ዘምቶ ሳለ፣ ንዳድ ነው የጣለው፤
ጭፍራው ገና አልሰማም፣ አልጋው ባዶ ነው።

ሰንሰለቱን ፈታሁ። ብድግ አለና ሄደ፣
በሰንሰለቱ ልክ፣ እየተራመደ።
መሬት ሳምሁ ከፊቱ። አላየኝም፤ ወይ አይቶ
ዝም አለ እንደ ባዕድ፣ የልጄን ራስ ብቻ ነክቶ።

ከዚያ ወዲህ ነጋሪቱ፣ ስምንት በጋ ጐሠመ፤
የደላንታ ጐተራ፣ በጦር አፍ ተለቀመ።
«ጨዋ» ነው የጦሩ ስሙ፤ ጨዋ ግን እንዲህ አይበላ፤
ለዘር የተቀበረውን፣ አውጥቶ ጨረሰው በሞላ።
ጥዑመ ልጄ ዘመተ፣ በአንገቱ ዳዊት አንግቶ፤
ዳዊቱ ብቻ ተመለሰ፣ ማኅደሩ በላብ ሸቶ።
ያመጣልኝ ሰውዬ፣ ስሙን እንኳ አላወቀ፤
«የአንድ ልጅ ነው» አለና፣ ውኃ ጠጥቶ ዘለቀ።

በዘጠነኛው ጥቅምት፣ ገና ጉም ሳይገፈፍ፣
የበቅሎ ኮቴ ሰማሁ፣ ከመውጫው አፋፍ።
«ክፈት!» አለ አለቃው፣ «እንግዳ ከንጉሥ ቤት!»
ዕንቈ ይባላል ልጁ፤ የፊት ጥርሱ የወለቀበት።
ከፈትሁ። ዝም ብዬ። አባቴ እንዳስተማረኝ።
እናቱ ከታች ቀርታለች፤ ድምፅዋ ብቻ ደረሰኝ።

ዋሻውን ሳሳየው፣ ጭረቶቹን አየ፤
በጣቱ ዳበሳቸው፣ አንድ በአንድ ለየ።
«ማን ነው የጫረው?» አለ። «አባትህ» ልበል? «እስረኛ»?
ቃል ቆመ ጉሮሮዬ ላይ፣ ማደሪያ እንዳጣ መንገደኛ።

ባልጩቷ እዚያው ነበረች፣ ከስንጥቁ ተወሽቃ፣
ባለቤቷ እስኪመለስ፣ እንደምትጠብቅ ዕቃ።
አነሣት። መዘናት በእጁ። ዳግመኛ አልጠየቀኝ፤
ከመጨረሻው ጭረት ቀጥሎ፣ አንድ ሲጭር ሰቀጠጠኝ።

ማታ በሩን ስወረውር፣ ብረቱ እጄን በላኝ፤
ልጅ የለኝም እንግዲህ፣ ሰንሰለቱን የሚረከበኝ።
ንፍሮ ጨመርሁለት እንጂ፣
ሌላማ ምን አቅም አለኝ።