ቤት ያልመታ ስንኝ

ኦውሉ፣ በጥር ወር። ብርዱ ከዜሮ በታች ሃያ ስምንት፤
ባሕሩ ደንግጦ የቆመበት፣ ቀኑ በቅጡ ሳይነጋ የሚመሽበት።
ሐሙስ፣ ጧት በሦስት ሰዓት፣ ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት፣
አንድ ጠረጴዛ አለ፣ አንድ እግሩ ያጠረ፣ ወረቀት አጥፈው ያስደገፉት።

ቱሊኪ ትመጣለች፣ የጤና ጣቢያዋ፣ ጓንቷን በጥርሷ እየሳበች፤
ዲያቆኗ ሲርካ ከኋላዋ፣ የመኪናዋን ቁልፍ እያቃጨለች።
ካውኮ ከኪራይ ቤቶች፣ አፉ ቁጥብ፣ ቦርሳው ሙሉ፤
ኦስሞ ከመብራት መሥሪያ ቤት፣ ለእሱ የሰው ልክ ውሉ።
ያልማሪም አለ፣ የመጻሕፍቱ ዘበኛ፣
ወንበር ትቶ የሚቆም፣ የማሞቂያው ጓደኛ።

ድሮ እንዲህ አልነበረም።
ድሮ አንዱን ሰው አምስት ዶሴ ተካፈለው፤
ሳንባው አንዱ ቢሮ፣ ዕዳው ሌላው፣ ነፍሱ ቤተ ክርስቲያን፤
የቀረው አካሉ ደረጃ ሥር ነው።
አምስት ጊዜ ስሙን ተናገረ፣ አምስት ጊዜ ተራውን ጠበቀ፣
አምስት ጊዜ "ነገ ና" ተባለ፤
ነገ ራሱ አለቀ።

አሁን ዝርዝሩ አንድ ነው። ቱሊኪ ደንብ አወጣች፦
"ቁጥር አትጥሩብኝ፤ ስሙን ጥሩ" አለች።
ያውም ሰውየው ከፈቀደ፤ ቢያንስ የስሙ ባለቤት ነው፤
ያልፈረመውን ሰው ጠረጴዛው አያነሣው።

ኦስሞ ጉሮሮውን ጠረገ፤ "አንዲት ሴት ፈርማለች፣ ሄልካ፤
ሁለት ወር መብራት አልከፈለችም።" ቀና አለች ሲርካ።
ካውኮ ገልጦ አየ፤ "ኪራይዋም ውዝፍ አለበት።"
"ባሏን በኅዳር ቀበረች" አለ ያልማሪ፣
"ልጇ ነው የነገረኝ፣ መጽሐፍ ሊመልስ መጥቶ አንድ ዕለት።"
ሦስት ቁራጭ ወሬ ተሰፋና አንድ ብርድ ልብስ ሆነ፤
መብራቱ የሚቆረጥበት ቀን ተሰረዘ፤ ዕዳው በዓመት ተመጠነ።
ሄልካ እስከ ዛሬ አታውቅም፤ ጎዳና ደጇ ድረስ መጥቶ፣
በረዶውን ከጫማው አራግፎ፣ ሊያንኳኳ እጁን ዘርግቶ፣
ተመለሰ።

"ደግሞ ራውኖ" አለ ያልማሪ፣ "መርከብ ይበይድ የነበረ፤
ከሰባተኛው ፎቅ፣ ከሊፍቱ ሞተር ጎን፣ ሦስት ክረምት ያደረ፤
ጧት አትላስ ዘርግቶ፣ ውቅያኖስ ላይ ግንባሩን ደፍቶ ያንቀላፋል።"

ይህቺ ስንኝ ቤት አልመታችም።
ተዋት። እሱስ መቼ ቤት አለው?

"መጀመሪያ መጠጡን ይተው" አለ ኦስሞ። ቱሊኪ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልሞቀም፤
"ሃያ ስምንት ዲግሪ ላይ ቆሞ ማንም ጠርሙስ አይለቅም።
በር ስጡት፤ በሩን ዘግቶ ያስብ።" ካውኮ ቦርሳውን ዳበሰ፤
አንድ ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ኳ አለና ነገሩን ጨረሰ።

ኢልፖም ነበረ። ስሙ ከዝርዝሩ አራተኛ።
ረቡዕ ሌሊት በጀልባ መጋዘን ደርቆ ተገኘ።
ጠረጴዛው ሐሙስ ነው።
ካውኮ ሊሰርዝ ብዕሩን አነሣ፤ ሲርካ እጁን ያዘችው፤
"አንድ ቀን የዘገየነው እኛ ነን፤ እሱን አትሰርዘው።"

የራውኖ ክፍል ጠባብ ናት፤ መስኮቷ የሚያየው የመኪና ማቆሚያ፤
ከጎረቤት አንድ ድስት፣ ከኦስሞ አንድ አምፖል፣ ከዲያቆኗ የእግር መጥረጊያ።
ሁለት ሌሊት ከነጫማው በሩ ሥር ተኛ፤
አልጋው ላይ፣ ያውም ከዳር፣ ወጣ በሦስተኛ።
ቁልፍ ብቻውን ቤት አይሆንምና ሲርካ ማክሰኞ ማክሰኞ ትደርሳለች፤
አንዳንዴ አይከፍትላትም፤ ደጁ ቁጭ ብላ በበሩ ስንጥቅ ስለ ዓሣ ታወራለች።

አንድ ቀን ለያልማሪ ደወለ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት፤
"እዚህ ቤት" አለ፣ "መብራቷን እኔ ነኝ የማጠፋት?"
ሰባተኛው ፎቅ ላይ ራሷ ትበራ፣ ራሷ ትጠፋ ነበር።
"አዎ" አለው ያልማሪ፣ "አንተ ነህ።"
ዝም አለ። ማብሪያ ማጥፊያው ቀጭ ሲል በስልኩ ተሰማ፤
ከዚያ ጨለማ፤ የራሱ ጨለማ።

ያቺን የተውናትን ስንኝ አሁን ቤት ላስመታት፦
ራውኖ፣ ሲመሽ፣ መብራቱን ራሱ ያጠፋል።

የኢልፖን ግን አልነካሁም።
ለፊታችን ሐሙስ ሁለት አዲስ ስሞች አሉ።